ዳሉን ማን ሊበላው ነው?

ኦስዶርፕ፣ አምስተርዳም
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ የትነበርሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? በምትሠሪበት የአረጋውያን ቤት ሊፍቱ ተጠገነ ወይስ አሁንም ደረጃውን በእግርሽ ነው የምትወጪው? እኔ ከዝናቡ በስተቀር የማማርርበት ነገር የለኝም። ዝናቡንም ቢሆን እዚህ አገር ይህን ያህል ዘመን ኖሮ ማማረር ነውር ነው።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ አዳመጥሁት። መጀመሪያ ያሳለሽ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ሳቅ እንደሆነ ለየሁ። መልሱን እንደ ልማዴ በደብዳቤ እልክልሻለሁ። በስልክ ሰው ሳያስብ ይመልስና የመለሰውን ለማስተካከል እንደገና ይደውላል።

ልጄ ቢታንያ የነገረችሽ ሁሉ እውነት ነው። ልጁ ሪሺ ይባላል። ቤተሰቦቹ ከሱሪናም የመጡ ህንዶች ናቸው። አባቱ ሞተዋል፤ እናቱ ወይዘሮ ራዲካ ዴን ሃግ ይኖራሉ። ልጆቹ በጃንዋሪ መጨረሻ በዴን ሃግ ማዘጋጃ ቤት የጋብቻ ውል ሊፈራረሙ ቀን ይዘዋል። እኔ ቀኑን የሰማሁት ከተያዘ በኋላ ነው።

ልጁን አልጠላሁትም። ቤቴ ሲመጣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ ስናገር አያቋርጠኝም። የሃይማኖቱን ነገር ከንስሐ አባቴ ጋር ተነጋግረንበታል፤ እሱን በደብዳቤ አልጽፈውም። ያስቆጣኝ ሌላ ነው። ያለችኝ አንዲት ልጅ ጠያቂ ሳይመጣላት፣ ጠፍቶ እንደተገኘ ዕቃ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ሊረከቧት አይገባም። ስለዚህ ቁርጡን ነገርኋት፦ ሽማግሌ ይላክብኝ፤ ካልተላከ በዚያ ቀን ዴን ሃግ አልገኝም። አለቀሰች። እኔም ደስ አላለኝም፤ ቃሌን ግን አላነሣሁም። እነሱ ይህን ሥርዓት ከየት ያውቁታል ስትለኝ፣ ይማሩ አልኋት። እኔ በደሴ ኬሚስትሪ ሳስተምር ሁልጊዜ የምጀምረው ከማያውቅ ሰው ነበር።

ትናንት መልስ መጣ። እሑድ ታኅሣሥ 13 ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እነማን እንደሆኑ አልተነገረኝም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ምስር ወጥ እያለ ለምን የህንድ ዳል ትሠራለህ ላልሽው፣ ምክንያቱ ይህ ነው። ወይዘሮ ራዲካ ቢታንያን መጀመሪያ ቤታቸው ሲጠሯት በርበሬ ከሮተርዳም አስመጥተው ምስር ወጥ ሠርተው ጠበቋት። በርበሬው አልበሰለም ነበር አለችኝ፤ ጉሮሮዋን እየፋጃት ጨምራ በላች። እሳቸው የእኛን ለልጃችን ከሠሩ፣ እኔ ደግሞ የእሳቸውን ለእሳቸው እሠራለሁ። ሥጋም እንቁላልም አይቀምሱም፤ በዚያ ቀን እኛም ጾም ላይ ነን። የመረጥሁት ሪሺ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደውን፣ በማንጎና በስፒናች የሚሠራውን ነው።

እህትሽ ሽታዬ በሕይወት ብትኖር ይህን ሁሉ እሷ ትይዘው ነበር። እኔ ከእሷ ወዲህ ከድንች ቅቅል አላለፍሁም። ቢሆንም የኬሚስትሪ መምህር ምስር አያቅተውም።

ወንድምሽ
ባዩ


ካፔለ አን ደን አይሰል
ኅዳር 14 ቀን 2017

ለጋሼ ባዩ፣

ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ሊፍቱ ተሠርቷል፤ ስለዚህ ጉልበቴም ተሠርቷል ማለት ነው። ደብዳቤዎ ሲደርስ ጎረቤቴ ከእኔ በላይ ደነገጠች፤ እዚህ አገር በእጅ የተጻፈ ፖስታ የሚመጣው ለሞት ብቻ ይመስላታል። የግብር ፖስታ ሰማያዊ ነው፤ ይህ ስላልሆነ ግብር አይደለም፣ እህቴን ያገባው ሰውዬ ነው ብዬ አረጋጋኋት።

ስለሳቄ ይቅርታ። ግን ጋሼ፣ ፍራፍሬ ወጥ ውስጥ ሲሉኝ ምን ላድርግ? እናታችን ብትሰማ ሁለታችንንም ጸበል ትወስደን ነበር።

በፖስታው ጀርባ በእርሳስ የጠየቁኝን አይቻለሁ። አዎ፣ ቢታንያ እኔ ጋ መጥታ ነበር። ቅዳሜና እሑድ አድራ ነው የሄደችው። የተባባልነውን ሁሉ አልጽፍልዎትም፤ የሴት ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎት፦ ቀኑን ማዘግየት አትፈልግም፣ ያለ እርስዎም መፈረም አትፈልግም። ሁለቱን የተናገረችው በአንድ ትንፋሽ ነው። በእርስዎም አልተቀየመችም። «አባ እኮ መምህር ነው፤ ፈተና ሳይሰጥ ማንንም አያሳልፍም» ብላ ስትስቅ ነበር። ከሳቋ በፊት ፊቷ ላይ ያየሁትን ግን አልወደድኩትም።

ስለ ማብሰሉ ምክሬን ከፈለጉ፣ የመጀመሪያውን በትንሽ ድስት ለራስዎ ብቻ ይሥሩት። ለሰው እንዳያቀምሱ።

በዚያ እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ መልስ የሚሰጡት የዚያኑ ዕለት ነው ወይስ ሊያመላልሷቸው ነው? ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምጠይቀው።

የትነበርሽ


ኦስዶርፕ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ የትነበርሽ፣

ምክርሽን በግማሽ ሰማሁ። በትንሽ ድስት ሠራሁ፤ ግን ለአበጋዝ አቀመስሁት። አበጋዝ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አብሮኝ የሚገባ የቆየ ወዳጄ ነው፤ ለቃላት አይሳሳም። አንድ ማንኪያ ቀምሶ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ «ጋሼ ባዩ፣ ይሄ የጾም ነው የንስሐ?» አለኝ።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርሽ። ሽንኩርቱን አድቅቄ ከትፌ ያለ ዘይት አበሰልሁት፤ ሽታዬ ስታደርግ እንዳየሁት። ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድና ከሙን ጨምሬ አቁላላሁ። ከዚያ የታጠበውን ምስር ከተትሁ። እስከዚህ ድረስ ሽታው የሰው ቤት ሽታ ነበር። ቀጥሎ ማንጎውን ጨመርሁ። ከገበያ የመረጥሁት ቢጫውን፣ እጅ ሲነካው የሚለሰልሰውንና ከሁሉ የሚያምረውን ነው፤ ለእንግዳ መጥፎ ፍሬ አይገዛም። ስፒናቹንም እንደ ጎመን አስቤ አብሬ ቀቀልሁት። መጨረሻ ላይ በድስቱ ውስጥ የቀረው ማርማላታ የገባበት አልጫ ነበር፤ መልኩ ከቤቴ ፊት ያለውን የቦይ ውኃ ይመስላል።

ተስፋ አልቆረጥሁም። ሙከራ ሲበላሽ አንዱን ነገር ብቻ ለውጠሽ ትደግሚዋለሽ። ማንጎውን በአናናስ ለወጥሁ፤ ባሰበት። በሙዝ ለወጥሁ፤ ስለ ሙዙ አልጽፍም። ጎምዛዛ ፖም ስጨምር ግን አንድ ነገር ብልጭ አለ፤ ምስሩ ከእንቅልፉ የነቃ መሰለኝ። ስለዚህ ጉድለቱ ፍራፍሬ መግባቱ ሳይሆን ጣፋጭ መግባቱ ነው። የት እንደምሄድ ገና አላወቅሁም፤ በየት በኩል እንዳይደለ ግን አውቄያለሁ።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ፣ የጠያቂውን ብዛት ባውቅም መልሴ አንድ ነው። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን ይሰማል፤ ከዘመድ እንመክራለን ተብሎ ቀጠሮ ይሰጠዋል። በሁለተኛው ይመረመራል። በሦስተኛው ይፈቀዳል። ሥርዓቱ ይህ ነው። አባታችሁ የእኔን ሽማግሌዎች ከደሴ ኮምቦልቻ ሦስት ጊዜ ነው ያመላለሷቸው፤ አንዱ በመንገድ ላይ ዣንጥላው ጠፍቶበት እስኪሞት ድረስ ሲያነሣብኝ ኖሯል። እኔ ግን ቅር አላለኝም። በተመላለሱ ቁጥር ሽታዬ የበለጠ ትከብርብኝ ነበር።

ባዩ


ካፔለ
ኅዳር 26 ቀን 2017

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን እረፍት ላይ ሆኜ ሳነብ የሥራ ባልደረቦቼ ምን አገኘሽ አሉኝ። ሙዙ ጋ ስደርስ ነው።

ስለ ማንጎው የማውቃት አንዲት ሴት የነገረችኝን ልንገርዎት። በእነሱ ቤት የሚገባው ያልበሰለ ማንጎ ነው፤ አረንጓዴው፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረው። ጣፋጭነት ሳይሆን ኮምጣጣነት ነው የሚፈልጉበት፤ እኛ ሎሚ እንደምንጨምቀው ይቁጠሩት። ምስሩ ብቻውን ከእርድ ጋር ይቀቀላል፤ ሽንኩርት አያየውም። ሊፈርስ ሲል ማንጎው ይገባል። ስፒናቹ ከመውረዱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ ጠውለግ ይበል እንጂ አይቀቀል።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ቁሌቱ መጨረሻ ነው የሚመጣው። ዘይቱን ለብቻው በደንብ ያግላሉ። የከሙንና የሰናፍጭ ዘር፣ ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ ቃሪያ ይጨምሩበታል። ዘሩ ሲንጣጣ ሳይውል ሳያድር ድስቱ ላይ ይደፉታል፤ ይጮሃል፤ ያኔ ይበላል። እርስዎ የሠሩት ዳል ሳይሆን አልጫ ነው፤ ከእኛ ሰው በቀር ማንም እንደዚያ አይሳሳትም። ሽንኩርት ሳናቁላላ ድስት የጣድን አይመስለንም።

አሁን ደግሞ እኔ እንደ ተማሪ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። እሺ ያልተባለ ሽማግሌ ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም፤ እህልም አይቀምስም። የእርስዎ ሽማግሌዎች አባባ ቤት ሁለት ጊዜ ጦማቸውን እንደተመለሱ እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፤ የተረፈውን ዶሮ የበላነው እኛ ነን። ይህ ሥርዓት አሁንም በቦታው ከሆነና እርስዎ በመጀመሪያው ቀን ቀጠሮ ሰጥተው የሚመልሷቸው ከሆነ፣ ይህን ሁሉ የሚለማመዱለትን ዳል ማን ሊበላው ነው?

መልሱን በደብዳቤ። በስልክ ሳያስቡ እንዳይመልሱ።

የትነበርሽ


ኦስዶርፕ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርሽ፤ ተሳካ።

አረንጓዴውን ማንጎ ገበያው ጥግ ካለው ቶኮ አገኘሁ፤ የእስያ ቅመም ከሚሸጡበት ማለቴ ነው። በዚያ በር ዘመኔን ሁሉ አልፌ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም። ምስሩን እንዳልሽው ብቻውን ቀቀልሁት። ሽንኩርት ሳልከትፍ ድስት መጣድ ሸሚዝ ሳይለብሱ ከቤት እንደመውጣት ሆኖ ተሰማኝ፤ ቢሆንም ታገሥሁ። ማንጎው ገባ፣ ስፒናቹ ገባ። ከዚያ ዘይቱን አጋልሁ። የሰናፍጩ ዘር ሲፈነዳ ጭሱ ወጣና ጣራው ላይ ያለው የጭስ ደወል ጮኸ። ደወሉን በፎጣ እያራገብሁ ሳለሁ ከታች ያለችው ጎረቤቴ ኤሊ እሳት የተነሣ መስሏት በነጠላ ጫማ መጣች። ኤሊ ከድንችና ከአተር ሾርባ ውጭ ምግብ መኖሩን የምትጠራጠር ሴት ናት። አቀመስኋት፤ ሌላ ምን ላድርግ? ምድጃው አጠገብ እንደቆመች በላች። ከዚያ ለነገ የሚሆን በሳህን ይዛ ወረደች። በማግስቱ ሳህኑን ስትመልስ መቼ ደግመህ ታቃጥላለህ አለችኝ።

የጎመዘዘው፣ የለሰለሰውና የተንጣጣው አንድ ላይ አፍሽ ውስጥ ሲገቡ እንዴት እንደሚሆን ለመጻፍ ሞክሬ ሰረዝሁት። መጥተሽ ትቀምሺዋለሽ።

አንድ ነገር ግን አስገረመኝ። የነገርሽኝ ሁሉ ልክ ነው፤ እጅግ ልክ ነው። ይህቺ የምታውቂያት ሴት ማን ናት?

ለተማሪነት ጥያቄሽ፦ የመጣ እንግዳ ድስት ሳይጣድለት አይቀርም። ባይበሉት እንኳ እንደተዘጋጀላቸው ያያሉ፤ ሽታው ይደርሳቸዋል። ይህ መልስ አንቺን እንደማያጠግብሽ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ አንብቤው እኔንም አላጠገበኝም። ለጊዜው ያለኝ ግን እሱ ነው።

አሁን ልለምንሽ። በዚያ እሑድ ጠዋት ነዪልኝ። እኔ ሽማግሌዎቹን ስቀበል ዘይቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገኛል። ደግሞም የሴቷ ወገን ከእኔና ከአንቺ በቀር እዚህ አገር ማን አላት? ከጎኔ ትቆሚልኛለሽ።

ባዩ


ካፔለ
ታኅሣሥ 7 ቀን 2017

ጋሼዬ፣

ስለ ዳሉ ደስ ብሎኛል፤ ስለ ኤሊም።

የለመኑኝን ግን ማድረግ አልችልም። ጠዋት አልመጣም፤ በዚያ ቀን ከጎንዎ አልቆምም። ታምሜ አይደለም፣ ሥራም ስለከለከለኝ አይደለም፣ አልተቀየምኩዎትም። ምክንያቱን አሁን ልጽፈው አልችልም። ቢቆጡኝ መብትዎ ነው፤ ብቻ እስከ እሑድ ድረስ ይታገሡኝ። ዘይቱን ቢታንያ ትጠብቅልዎት፤ እሷ ከእኔ ይልቅ ዓይኗ ፈጣን ነው።

ስለ ሴትየዋ የጠየቁኝንም አልፌዋለሁ።

ደግሞ ጋሼ፣ ከታኅሣሥ 13 እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሊመላለስ እንደማይችል ለማወቅ ኬሚስትሪ መማር አያስፈልግም። ቢታንያም ቆጥራዋለች። ለእርስዎ አልነገረችዎትም እንጂ።

የትነበርሽ


ኦስዶርፕ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

የትነበርሽ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ምክንያት አለኝ ያለን ሰው ምክንያቱን አስገድጄ አልጠይቅም። ቅር ብሎኛል ግን። ይህን የምጽፈው ከእሑድ በፊት እንዲደርስሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተባለ ቅሬታ ቂም ይመስላል።

ቀኖቹን እኔም ቆጥሬአቸዋለሁ። ከጥምቀት በኋላ ተመለሱ ብላቸው ሁለተኛው እዚያ ላይ ይውላል፤ ሦስተኛው ልጆቹ ከያዙት ቀን ያልፋል። ቀኑን ማዘግየት የሚችለው ደግሞ ቀኑን የያዘው ሰው ነው። ሥርዓት ለሚመቸው ጊዜ ብቻ የሚጠበቅ ከሆነ ሥርዓት አይባልም።

«ከዘመድ ጋር መክረን እናሳውቃችኋለን» የሚለውን በደች ስለማመደው ከረምሁ። ምንም ባደርግ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻዬ ውድቅ ሲደረግብኝ ይጻፍልኝ የነበረውን ደብዳቤ ይመስላል። በአማርኛ ክብር ያለው ነገር ነበር።

ትልቅ ድስት ገዝቻለሁ። ለምን እንደሆነ እንዳትጠይቂኝ።

ባዩ


ካፔለ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017

ጋሼ፣

ይቅር ይበሉኝ። ከወይዘሮ ራዲካና ከወንድማቸው ጎን በርዎ ላይ ቆሜ ሲያዩኝ ፊትዎ እንዴት እንደሆነ አልረሳውም። «አንቺ የማን ወገን ነሽ?» ሲሉኝ «የወንዱ» ማለት ከሥራ ሁሉ የከበደ ሥራ ነበር። እርስዎ ግን ጨዋ ነዎት፤ «ሴት ሽማግሌ አይቼ አላውቅም፣ ግቡ» ብለው አሳለፉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ ራዲካ በኅዳር መጀመሪያ ስልኬን ከቢታንያ ተቀብለው ደወሉልኝ። ሽማግሌ ማለት ምንድን ነው፣ ስንት ነው፣ ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ። ሦስት ያስፈልጋል አልኳቸው። ያላቸው እሳቸውና ትራም የሚነዳው ወንድማቸው ብቻ ነው። «አንቺ ብትሆኚስ?» አሉኝ። እምቢ ልል አፌን ከፍቼ እሺ አልኩ። ለእርስዎ ብነግርዎት ከልክለውኝ ነበር፤ ልክም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዴን ሃግ እየሄድኩ እኔ ሥርዓቱን አስተማርኳቸው፣ እሳቸው ዳሉን አስተማሩኝ። ስለዚህ ያቺ የማውቃት ሴት ማን እንደሆነች አሁን አውቀዋል። ለማን እንደምጠይቅ ግን አልነገርኳቸውም። «ልጅዎን ለልጄ ይስጡኝ ብዬ መጥቻለሁ» የምትለውን አማርኛ ደግሞ ትራም ውስጥ ጮክ ብለው ሲለማመዱ ሰው ዞር ዞር እያለ ያያቸው ነበር።

ያላዩትን ልንገርዎት። እርስዎ «ከዘመድ ጋር መክረን» የሚለውን ጀምረው ዘይቱ ሲሸትዎት ይቅርታ ብለው ወደ ወጥ ቤት ሲገቡ እኛ ሳሎን ቆመን ቀረን። ወይዘሮ ራዲካ ዳሌያቸውን ያማቸዋል፤ ብዙ መቆም አይችሉም። ወንድማቸው ሰውየው አያይም፣ ትንሽ ተቀመጪ አላቸው። «አያይም ብዬ ከተቀመጥኩ ምኑን ቆምኩ?» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ዛሬ ሂዱ ካለን ስንት ጊዜ ነው የምንመጣው አሉኝ። ሁለት ይቀራል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ እንግዲያው የተሻለ ጫማ እገዛለሁ አሉ። ቀኑ ያልፋል አላሉም። ጋሼ፣ ያኔ በየትኛውም ወገን ብቆም ግድ አልነበረኝም።

ከዚያ መጥበሻውን እንደያዙ ብቅ አሉና ያንን ቃል ተናገሩ። እሳቸው አማርኛው ስላልገባቸው እኔን አዩኝ። እኔም ሌላ ትርጉም ስላጣሁለት «ተቀመጡ» አልኳቸው። ያኔ ነው ያለቀሱት።

የማታ ተረኛ ስለነበርኩ ሳልበላ ሮጥኩ። ወጥ ቤት ውስጥ ምን ሆነ? ቢታንያን ብጠይቃት ትስቃለች እንጂ አትናገርም። ዳሉስ እንዴት ሆነ?

በሁለቱም ወገን ያለችው
የትነበርሽ


ኦስዶርፕ
ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ የትነበርሽ፣

ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። እንዲያውም ሴት ሽማግሌ የለም የሚል ነገር በሥርዓቱ ውስጥ መኖሩን ለማስታወስ ብዙ ሞክሬ አላገኘሁትም። ስለ ጫማው ባትጽፊልኝ ጥሩ ነበር፤ ደብዳቤውን አስቀምጬ መስኮት አጠገብ ቆሜ ቆየሁ።

ወጥ ቤት ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ገብቼ ሳይ ቢታንያ ከመጥበሻው ሥር እሳቱን አጥፍታዋለች። ዘሩ ገና አልተንጣጣም ነበር። ከዚያ ካወጣኋቸው አምስት ሳህኖች ሦስቱን አንሥታ ወደ ቁም ሣጥኑ ልትመልስ ነው። ምን እያደረግሽ ነው አልኋት።

«ያልተፈቀደለት ሽማግሌ አይበላም፣ አባ። አንተ ነህ ያስተማርከኝ» አለችኝ።

በቁጣ ብትናገረው መልስ ነበረኝ። ግን በቁጣ አልነበረም። ትምህርቱን በደንብ እንደያዘ ተማሪ ሳህኖቹን እንዳይጋጩ እየተጠነቀቀች ነበር የምትደረድረው። በአስተማሪነት ዘመኔ የምመኘው እንዲህ ያለ ተማሪ ነበር። የትነበርሽ፣ ልጄ እኔን ታዛ ሦስት ሰዎችን ጦማቸውን ልትሸኝልኝ ነው። እኔ ደግሞ በትልቁ ድስት ፊት ቆሜያለሁ። ላንቺ መመለስ ያቃተኝን ጥያቄ ያኔ ለራሴ መለስሁት፦ ለሁለት ሰው ይህን ያህል ምስር የሚቀቅል የለም።

ሳህኖቹን ተዪያቸው አልኋት። አላመነችኝም፤ እንደያዘቻቸው ቀረች። «ኸወን ያ ዘኸን፣ አባ» አለችኝ በቀስታ፤ ዝም ብለህ እሺ በላቸው ማለቷ ነው። እሳቱን መልሼ ለኮስሁ። ሁለታችንም ዘይቱን አየን። መንጣጣት ሲጀምር መጥበሻውን አንሥቼ ወጣሁ። የምናገረውን በደች አዘጋጅቼ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «ይሁን፤ ልጄን ሰጥቻለሁ» የሚለው አማርኛ ነው። በአባታችሁ ቤት በሦስተኛው ቀን የተባለልኝ እሱ ነው። ለሁለቱ ቀሪ ቀናት ደግሞ ለሥርዓቱ ባለዕዳ ነኝ። ወይዘሮ ራዲካ በታመመ ዳሌ ቆመው ባሳለፉት ሰዓት የተከፈለ ይመስለኛል።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ዘይቱን መልሼ አግዬ ደፋሁት፤ ጮኸ፤ ደወሉም ጮኸ፤ ኤሊም ከታች ወጣች። አራተኛውን ሳህን እሷ፣ አምስተኛውን አንቺ የተውሽውን ሪሺ ወሰደው። ልጁ ለካ ይህን ሁሉ ሰዓት ታች መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ሽማግሌ ላኪው አብሮ አይመጣም ብለሽ አስተምረሽው። ለወንድምየው ከቁም ሣጥኑ ሌላ ሳህን አወጣን።

ሁሉም ቀመሱ። ወንድማቸው «ሌከር» አሉ፤ ደቾች ለማንኛውም ምግብ ይጣፍጣል ለማለት የሚሉትን። ሪሺ ማንኪያውን ያያል። ቢታንያ አንገቷን ደፍታለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ መሳቋ ነው። እኔ ቀመስሁት። ጨው አልጨመርሁም። ይህን ያህል ጊዜ ተለማምጄው፣ አንድም ቀን ሳልረሳው፣ በዚያ ቀን ረሳሁት። የምጨምረው ከስፒናቹ ጋር ነበር፤ ስፒናቹን በምጨምርበት ሰዓት የበሩ ደወል ተደወለ።

ልናገር አፌን ስከፍት ወይዘሮ ራዲካ ተነሡ። ዳሌያቸውን ያዝ አድርገው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። አንዱ መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ፣ ሁለተኛው ተከፈተ፣ ከዚያ ቁም ሣጥኑ። ጨው የት ነው ብለው አልጠየቁም፤ እኔም አልነገርኋቸውም። ጨዉን ይዘው መጡና በሳህናቸው ላይ ሳይሆን ድስቱ ላይ ነሰነሱት። አማሰሉት፣ ቀመሱት፣ እንደገና ነሰነሱት። ለሁሉም በየሳህኑ ጨመሩልን፤ ለኤሊም።

ሲጨርሱ ማንጎው ልክ ነው አሉኝ። ከዚያ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ እገኝ እንደሆነ በቀጥታ ጠየቁኝ። እገኛለሁ አልኋቸው። ቢታንያ ያን ጊዜ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች፤ ውኃ ከፍታ ብዙ ቆየች።

ወይዘሮ ራዲካም እስክትመለስ ጠብቀው፣ ሁላችንም እንድንሰማ እንዲህ አሉ፦ «እንግዲያው ለሠርጉ ዳሉን እርስዎ ይሥሩት። ጨዉን እኔ እይዛለሁ።»

በሠርጉ ዋዜማ ትልቁን ድስት ተሸክመሽ የምታግዢኝ
ወንድምሽ
ባዩ